ፀሐይ፣ ኩላሊትና የሕፃናት ልብ



በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚጓዘው ሕዝብ የአምባሰልን ዳገት ሽቅብ ሲወጣ ሕፃናቱን በጀርባው አዝሎ ነው። አንቀልባው በጋቢ፣ ጋቢው በነጠላ ተደርቦ፣ ከሕፃኑ አካል ለዓይን የሚታየው አፍንጫና ግንባር ብቻ ይሆናል። የደጋው ብርድ ይህን ያዝዛል፤ ምች ይመታዋል፣ ዓይን ያርፍበታል የሚለው የእናት ስጋትም ይጨመርበታል። ከላይ ግን ሰማዩ ጠርቶ፣ በመስቀለኛው አምባ ላይ የሚወርደው ብርሃን ዓይን ያጭበረብራል። ፀሐይ በሞላበት ተራራ ላይ ፀሐይ የማይነካው ሕፃን ይታያል ማለት ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ግሸን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። መስከረም 21 ቀን በቀትር ፀሐይ ከአድማስ 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ቀጥ ብሎ ቢተከል ጥላው 26 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ከዓመቱ ሁሉ ፀሐይ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ ወር እንኳ የቀትሩ ጥላ ከ70 ሳንቲሜትር እምብዛም አያልፍም። በዚያው ቀን ለንደን ላይ የተተከለ ዘንግ ግን ጥላው ከ3 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ይህ ስሌት ለጨዋታ የቀረበ አይደለም። በቆዳ ውስጥ ቫይታሚን ዲን የሚያስገኘው ጨረር ሞገዱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው ክፍል ሲሆን፣ ይህ ክፍል አየርን ሲያቋርጥ በኦዞን እየተመጠጠ ይቀንሳል። ፀሐይ ባዘመመች ቁጥር የሚያቋርጠው አየር ይወፍራል። በመሆኑም ጥላ ከቁመት ሲያጥር ጨረሩ ይሠራል፤ ከቁመት ሲረዝም ይደክማል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው፤ በየ1000 ሜትሩ ይህ ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። የወሎ ደጋ ከለንደን ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በአንጻሩ ሁለት ነገሮች ይህን ሀብት ያባክኑታል። አንደኛው ልብስና ቤት ነው፤ ተራ የመስኮት መስተዋት ብርሃኑንና ሙቀቱን እያሳለፈ ተፈላጊውን ጨረር ግን ያስቀረዋል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ሕፃኑን በማለዳ ፀሐይ ማሞቅ የቆየ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ ወደ 1 ሜትር ከ80 ይደርሳል። ሕፃኑ ሞቆታል፤ ቆዳው ግን ብዙ አልሠራም። ጥላው ከቁመት ጋር የሚስተካከለው 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳም ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እርግጥ የቀትር ፀሐይ ሕፃንን ያቃጥላልና እናትየው የምትፈራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክርክሩ በግማሽ ሰዓትና በአንድ ሰዓት መካከል ያለ ክርክር ነው።

ቫይታሚን ዲ ሲጎድል የሚመጣው በሽታ ሪኬትስ ይባላል። በማደግ ላይ ያለው አጥንት ካልሲየምና ፎስፌት አጥቶ ሲለሰልስ እግር ይወለጋገዳል፣ የእጅ አንጓ ይወፍራል፣ የጎድን አጥንት ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ይቋጠራል። አውሮፓ ይህን በሽታ በጭስ በታፈኑት የፋብሪካ ከተሞቿ አወቀችው። እ.ኤ.አ. በ1919 ጀርመናዊው ሐኪም ኩርት ሁልድሺንስኪ የታመሙ ሕፃናትን በሜርኩሪ መብራት ጨረር ፈወሰ፤ በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜላንቢ በቡችሎች ላይ ባደረገው ምርምር የዓሣ ጉበት ዘይት ያንኑ በሽታ እንደሚከላከል አሳየ። መብራትና ዘይት አንድ ዓይነት ሥራ መሥራታቸው ለጊዜው ግራ ያጋባ እንቆቅልሽ ነበር።

ኢትዮጵያ የጭስ ከተሞች ባይኖሯትም በሽታው ግን አላት። እ.ኤ.አ. በ1997 ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ከኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያገኙትን ውጤት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑና የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ሲገኝባቸው፣ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ግን የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። ሌሎች ምክንያቶች ከተቀነሱ በኋላ እንኳ ሪኬትስ ባለበት ሕፃን ላይ የሳንባ ምቹ ዕድል 13 ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር። የ13 ወራት ፀሐይ በሚባለው አገር ዋና ከተማ የተገኘ ቁጥር ስለሆነ ያኔ ብዙዎችን አስደንግጧል፤ ዛሬም ሊያስደነግጥ ይገባዋል።

እስከዚህ ያለው ታሪክ የጤነኛ ኩላሊት ታሪክ ነው። ችግሩ የፀሐይ ማጣት ብቻ ቢሆን ሕፃኑን ገልጦ ፀሐይ ማስነካት፣ ወይም በቀን 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት ጠብታ መስጠት በበቃ ነበር። ኩላሊቱ የታመመ ሕፃን ግን ሌላ ነው።

ምክንያቱም ቫይታሚን ዲ ሲመረት ሦስት ጣቢያዎችን ያልፋል። ቆዳ በጨረሩ ኃይል ጥሬ ዕቃውን ያዘጋጃል። ጉበት አንድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ጨምሮ በደም ውስጥ የሚከማቸውን መጋዘን ይሞላል፤ ሐኪም «ቫይታሚን ዲ ይለካ» ሲል የሚለካው ይህ መጋዘን ነው። ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ጥንድ የሚጨምረው ዋናው ጣቢያ ኩላሊት ነው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1970 ካምብሪጅ ላይ ፍሬዘርና ኮዲቼክ አረጋገጡት። ከኩላሊት የሚወጣው ካልሲትሪዮል ከምግብ ንጥረ ነገርነት አልፎ ሆርሞን ሆኗል። እንግዲህ የመጨረሻው ጣቢያ ሲፈርስ የመጀመሪያው ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ምርቱ ከገበያ አይደርስም። ኔፍሮቲክ ሲንድሮም በሚባለው ሕመም ደግሞ ኩላሊቱ ፕሮቲን ስለሚያፈስስ ቫይታሚን ዲን ተሸክሞ የሚዞረው ፕሮቲን ራሱ በሽንት ይወጣል። መጋዘኑ ከነተሽከርካሪው ተዘረፈ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚሆነውን የቁጥጥር ሥርዓት ያጠና መሐንዲስ በቀላሉ ይረዳዋል። የደከመ ኩላሊት ፎስፌትን ማስወገድ ያቅተዋል። አጥንት ይህን ተረድቶ ኤፍ ጂ ኤፍ 23 የተባለ ሆርሞን ይለቅቃል፤ ሆርሞኑ ኩላሊቱን ፎስፌት አስወጣ እያለ ይገፋዋል፤ ነገር ግን በዚያው እጁ የካልሲትሪዮልን ምርት ይዘጋል። ካልሲትሪዮል ሲያንስ አንጀት ካልሲየም አይመጥም። ያን ጊዜ በአንገት ላይ ያሉት፣ እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጡት አራት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ይነቁና ከአጥንት ካልሲየም እየቆፈሩ ወደ ደም ያወጣሉ። እያንዳንዱ መሣሪያ የታዘዘውን በትክክል ይሠራል፤ ሆኖም የመጨረሻው ቫልቭ ስለማይከፈት ትእዛዙ እየጨመረ፣ ጥፋቱም እየጨመረ ይሄዳል። ዋጋውን በቅድሚያ የሚከፍለው አጥንት ነው። ከአጥንት ቀጥሎ ልብ ይከፍላል።

ኩላሊታቸው የታመመ ሕፃናት ከሚሞቱባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የልብና የደም ቧንቧ ሕመም መሆኑ ከሕክምና ባለሙያዎች ውጭ ብዙ አይታወቅም። የደም ግፊት፣ የደም ማነስና በሰውነት የሚጠራቀም ውኃ የልብን ግራ ክፍል ያደነድኑታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ምርምር ደግሞ ያው ኤፍ ጂ ኤፍ 23 ሆርሞን ለአይጦች ሲሰጥ የልባቸው ጡንቻ እንደሚወፍር አሳየ። ፎስፌትን ለማስወጣት የተላከው መልእክተኛ በመንገዱ ልብን ይመታል እንደ ማለት ነው።

የደም ቧንቧው ጉዳይ ለዚህ ጉባኤ ይበልጥ ይቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጉድማንና ባልደረቦቹ ደማቸው በመሣሪያ የሚታጠብ 39 ወጣቶችን በራጅ መርምረው፣ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች ከሆኑት 23ቱ በአንዱም የልብ ቧንቧ ላይ ካልሲየም አላገኙም፤ ከ20 እስከ 30 ዓመት ከነበሩት 16 መካከል ግን በ14ቱ አገኙ። አንድ ሰው ልጅነቱን በዚህ ሕመም ካሳለፈ በ25 ዓመቱ የሽማግሌ ቧንቧ ሊኖረው ይችላል። ቦይለር የሚያውቅ ሰው በቧንቧ ላይ የሚጋገረውን ኖራ ያስባል፤ ምሳሌው ጥሩ ቢሆንም ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስዳል። ኖራውን አሲድ ያጥበዋል። በደም ቧንቧ ውስጥ ግን የግድግዳው ጡንቻ ሴሎች ራሳቸው ጠባያቸውን ለውጠው እንደ አጥንት ሴል መሥራት ይጀምራሉ፤ ስለዚህ የሚታጠብ ነገር የለም።

የቧንቧ መደንደን ለልብ ምን ያደርጋል ቢባል መልሱ በውኃ ሥራ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1878 የሆላንድ ሊቃውንት ሞንስና ኮርተቬግ በሚለጠጥ ቧንቧ ውስጥ ግፊት የሚጓዝበት ፍጥነት በግድግዳው ግትርነት ስኩዌር ሩት መጠን እንደሚጨምር አስረዱ። በብረት ቧንቧ ላይ ቫልቭ በድንገት ሲዘጋ የሚሰማው ኃይለኛ ምት በጎማ ቧንቧ ላይ የማይሰማው በዚሁ ሕግ ነው። ጤነኛ ሕፃን የደም ቧንቧው እንደ ጎማ ነው፤ ልቡ የገፋችው ማዕበል ወደ ዳር ሄዳ ተንጸባርቃ ስትመለስ ልቡ ሥራውን ጨርሶ አርፏል። ቧንቧው ሲደድር ማዕበሏ ፈጥና ትመለስና ገና እየገፋ ያለውን ልብ ፊት ለፊት ትገጥመዋለች። ይህ ግጭት በእያንዳንዱ ምት፣ በቀን ከ100000 ጊዜ በላይ ይደገማል። ሐኪሞች ዛሬ የዚህን ማዕበል ፍጥነት በአንገትና በብሽሽት መካከል ይለኩታል፤ መሣሪያው ከግፊት መቅጃና ከሰዓት ብዙ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ግልጽ ነው። ለኩላሊት ሕመምተኛ ሕፃን ቫይታሚን ዲ ቢሰጠው ልቡ ይጠበቃል?

ሐቀኛው መልስ በከፊል ብቻ አዎን የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከለንደን የወጣ ጥናት፣ መጋዘናቸው ለጎደለባቸው የኩላሊት ሕሙማን ሕፃናት ቫይታሚን ዲ ሲሰጥ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች መቆጣት እንደሚዘገይ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2016 የቱርክ ሐኪሞች በእንዲህ ያሉ ሕፃናት የደም ቧንቧ ልስላሴ ላይ መሻሻል ማየታቸውን ጽፈዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2012 በ227 አዋቂዎች ላይ የተደረገው ፕሪሞ የተባለ ሙከራ፣ ጉልበቱ የተዘጋጀ የቫይታሚን ዲ መድኃኒት ለ48 ሳምንታት ቢሰጥም የልብን ውፍረት እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በሕፃናት ልብ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰፊና ረጅም ሙከራ እስካሁን የለም። ጉድለትን መሙላት አንድ ነገር ነው፤ ልብን ማከም ሌላ ነገር ነው። በየመድኃኒት ቤቱ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይታያል።

ከሁሉ የከበደው ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ሩክሻና ሽሮፍና ባልደረቦቿ በለንደን ያገኙት ነው። ደማቸው በሚታጠብ ሕፃናት ላይ የካልሲትሪዮልን መጠንና የአንገት ቧንቧን ውፍረት አያይዘው ሲመለከቱ መስመሩ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል አልሆነም። ካልሲትሪዮል ያነሳቸው ሕፃናት ቧንቧቸው ተጎድቷል፤ የበዛባቸውም ተጎድተዋል፤ ደኅና ሆነው የተገኙት በመካከል ያሉት ናቸው። ለመሐንዲስ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ከታች የውድቀት ወሰን፣ ከላይም የውድቀት ወሰን ያለው፣ በመካከል ጠባብ የሥራ ክልል ያለው ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ያለ መለኪያ የሚያሠራ መሐንዲስ የለም። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ ለጤነኛ ሕፃን እንኳ እንደማይበጅ ብሪታንያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ተምራለች፤ የሕፃናት ምግብ ከልክ በላይ በቫይታሚኑ ሲበለጽግ በደማቸው ካልሲየም የበዛባቸው ሕፃናት ታይተዋል። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው የብዙ መቶ ሺህ ዩኒት መጠን ለሪኬትስ የታወቀ ሕክምና ቢሆንም፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሕፃን ካልሲየሙና ፎስፌቱ ሳይለካ መስጠት በጨለማ ቫልቭ እንደ መክፈት ይቆጠራል። የአውሮፓ የሕፃናት ኩላሊት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት መመሪያ መጋዘኑ በሊትር ከ75 ናኖሞል በላይ እንዲሆን፣ ካልሲየምና ፎስፌትም እየተለኩ እንዲሰጥ መክረዋል። ምክሩ ግማሹ መድኃኒት፣ ግማሹ ልኬት ነው።

ስለ ልኬት ከተነሣ የደም ግፊት መለኪያው ሊዘለል አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአውሮፓ በ385 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት የደም ግፊትን አጥብቆ መቆጣጠር የኩላሊቱን ድካም እንደሚያዘገይ አረጋግጧል። ይህ ከቫይታሚኑ ይልቅ የጠነከረ ማስረጃ ያለው ሥራ ነው፤ የሚያስፈልገውም ለሕፃን ክንድ የሚመጥን ጨርቅ ነው። የአዋቂ ጨርቅ በሕፃን ክንድ ላይ ሲታሠር ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ሕመምተኛው ጤነኛ መስሎ ይመለሳል።

አሁን ወደ ውኃው። ደም የሚታጠብበት መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሕክምና ለአንድ አዋቂ ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ከደም ጋር በቀጭን ሽፋን ብቻ ለይቶ ያገናኛል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ ደማቸው የሚታጠብ ሕሙማን አጥንታቸው እየለሰለሰ ይሰበር ጀመር፤ ቫይታሚን ዲ ቢሰጣቸውም አልዳኑም። ምክንያቱ በመጨረሻ ሲገኝ ከሆስፒታሉ ውጭ ሆኖ ተገኘ፤ ውኃውን ለማጥራት የሚጨመረው አሉም አሉሚኒየሙን በደማቸው ውስጥ ይጥል ነበር። ለጠጪ ሰው ምንም የማይለው ውኃ ለእነርሱ መርዝ ሆነ። መድኃኒቱም ከፋርማሲ የመጣ ሳይሆን ውኃውን በማጣሪያ የማንጻት ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ ከግድብ የመጣ፣ የአልጌ መርዝ ያለበት ውኃ በአንድ የደም ማጠቢያ ማእከል ከ50 በላይ ሕሙማንን ገደለ። አሉም በኢትዮጵያ የውኃ ማጣሪያዎችም የሚሠራበት ነው። የማጣሪያ ጣቢያ ኃላፊ የአሉም መጠን ሲለውጥ፣ ወይም ክሎሪን ሲያበዛ፣ በከተማው ላለው የደም ማጠቢያ ክፍል ስልክ የመደወል ግዴታ ሊኖርበት ይገባል፤ ይህ ግዴታ በጽሑፍ ካልተደነገገ በሰው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ ይሆናል።

በአገር ደረጃ መንገዱ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማእከል ሥራ ጀምሯል። ኩላሊት ሲተካ የመጨረሻው ጣቢያ እንደገና ይቆማልና ከጠብታ ሁሉ ይልቃል። ነገር ግን ሕፃኑ እዚያ እስኪደርስ ልቡ መቆየት አለበት፤ ከግሸን እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀትም በኪሎሜትር ብቻ አይለካም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዘርፈውና ተሰባብረው ነበር፤ ሥራው እንደገና የቀጠለው በብዙ ጥረት ነው።

ለዚህ ጉባኤ አባላት የቀረበው ሥራ ግን ከዚያም ያንሳል። አንድ ምሳሌ ብቻ ይበቃል። በአምባው ግርጌ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ ከአንድ ሕፃን የተወሰደ ደም ካልሲየሙና ፎስፌቱ እንዲለካ ወደ ደሴ ይላካል ይባል። ደሙ ሳይለያይ በጠርሙሱ ውስጥ ለሰዓታት ከቆየ፣ በመንገዱም ከተናወጠ፣ በደም ሴሎች ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ወደ ውጭ ይፈስሳል። ላቦራቶሪው በሐቅ ለክቶ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ ሐኪሙም በቁጥሩ አምኖ ቫይታሚኑን ይከለክላል፣ ወይም የማያስፈልግ መድኃኒት ያዝዛል። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ደሙን በቦታው አሽከርክሮ ፈሳሹን ከሴሉ የሚለይ ትንሽ ሴንትሪፉጅ ነው። በሴንትሪፉጁ ሞተር ላይ የተጻፈው የኃይል መጠን ከአንድ የቤት ምጣድ ብዙ ያነሰ ነው፤ በፀሐይ ኃይል መሙያና በአንድ ባትሪ ሊዞር ይችላል። ፀሐዩ በግሸን ሞልቷል፤ ባትሪው በየስንት ዓመቱ እንደሚለወጥ፣ ማን እንደሚለውጠውና የፍጥነት መለኪያው በማን እንደሚታይ ግን ገና አልተወሰነም።